ባለማኅተሙና መላጣው

ቡታጅራ፣ ጥር 16 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለወንድሜ ለገብረወልድ፤
ወልቂጤ

ጤናህ እንዴት ነው? ቤትህ፣ ልጆችህ፣ መድኃኒት ቤትህ ሁሉም ደህና ነው ወይ? አክስቴ ብርቄስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔና ልጄ ሰገነት የመድኃኔ ዓለም ቸርነት ሳይለየን፣ አንተን እየመረቅን አለን። እጅህን ከቁርጥማት፣ ደጅህን ከክፉ ሰው ይጠብቅልህ።

ነጋዴው ጀማሉ ብልቃጡን አድርሶልኛል። ያ ሰውዬ ተራራው ላይ ጭጋግ ይዞት፣ በቅሎዋም አልሄድም ብላበት አገና ላይ ማደሩን ሲያወራልኝ ያቀረብሁለት ምሳ ቀዘቀዘ። «መሰለች፣ ወላሂ፣ ከበቅሎዬ ይልቅ ለብልቃጥሽ ነው የፈራሁት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በደረቱ ሸጉጦ ነው ያመጣው። እኔም በእሱ በርበሬ ልኬልሃለሁ። የእንሴኖ ነው፤ አንድ በአንድ ራሴ የለቀምሁት፣ ለገበያ ያላወጣሁት። አክስቴ ሲያስነጥሳቸው እኔን ያስታውሱኝ።

አሁን አንዲት ነገር ልጠይቅህ። ብልቃጡ ያው የእኔው ብልቃጥ ነው፤ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀትም እንደተለጠፈበት ነው። ውስጡ ያሉት ክኒኖች ግን ማኅተም የላቸውም። የድሮዎቹ ፊደል ተቀርጾባቸው ነበር፤ እነዚህ መላጣ ናቸው። መጀመሪያ ያየችው ሰገነት ናት። «እማ፣ የጋሼ ክኒን ተመልጧል» ብላ አሳቀችኝ። «አርጅቶ ይሆናል» አልኋት።

አንተን ተጠራጥሬ አይደለም። የአዲስ አበባው ሐኪም ለዚህ ለሚጥል በሽታዋ መድኃኒቱን ሲያዝላት «እንዳታቋርጪ፣ ሳታማክሪኝም እንዳትለውጪ» ብሎ ጣቱን ቀስሮ ስለነገረኝ ነው። ያን መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ እንኳን መውደቅ፣ ስትደናቀፍም አላየኋት። አንተም ሱቁን ስትከፍት «ዘመድ እያለ ከባዳ አትገዢም» ባትለኝ ኖሮ ለአንድ ብልቃጥ አዲስ አበባ ስመላለስ ወገቤ ይቆረጥ ነበር። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። በሰኔ የሚኒስትሪ ፈተና ትቀመጣለች፤ ካለፈች አስተማሪ መሆን ነው ሐሳቧ። ነገር የማበዛው ለዚህ ነው። ታዲያ የማኅተሙን ነገር ሁለት ቃል ጣፍልኝ።

እኅትህ መሰለች


ወልቂጤ፣ የካቲት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅቴ ለእትዬ መሰለች፤
ቡታጅራ

የአክብሮት ሰላምታዬ ተራራውን ተሻግሮ ይድረስሽ። እኛ በአምላክ ፈቃድ፣ የሥራው ብዛት ፋታ ባይሰጠንም፣ ደህና ነን። በርበሬው ደርሶናል፤ ግሩም ነው። የእናቴ ጉልበት እንዳለ ነው።

ስለ ክኒኑ መልክ የጻፍሽውን ተመልክቻለሁ። ፋብሪካው ማኅተሙን ማተም ስለተወ ነው። ፈረንጆች በየዓመቱ አንድ ነገር ሳይለውጡ አያድሩም። መድኃኒት እንደ ሙሽራ በመልኩ አይመረጥም፤ ስለዚህ ሳትጨነቂ እንደ ቀድሞው አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ መስጠት ነው። ባዶውን ብልቃጥ አጥበሽ መመለሱን አደራ፤ እዚህ ብልቃጥ ጠፍቷል።

ለሰገነት ጋሼ ሰላም ብሎሻል በያት። በትምህርቷ ትበርታ።

ታናሽ ወንድምሽ ገብረወልድ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 19 ቀን 1964 ዓ.ም.

ወንድሜ ገብረወልድ፤

ሰላምታዬ ስላጠረ አትቀየመኝ። ሰገነት ወደቀች።

የወደቀችው ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ፊት ነው። የሒሳብ አስተማሪዋ መምህር ያረጋል አውጥቷት ጠመኔ እንደያዘች ነው የጣላት። ልጆቹ ወንበር እየዘለሉ ወጡ፤ «አትንኳት፣ ይጋባል» የሚል ሞላ። እንደምታውቀው እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ቶሎ ክብሪት ይፈለጋል። ሁለት ጎረምሶች ተመልሰው ገብተው፣ ክብሪት እየጫሩ ጭሱን ያሸቷት ጀመር። ያረጋል አገሩ ጎጃም ነው፤ ሮጦ ክብሪቱን ከእጃቸው ቀምቶ በጎኗ አስተኛት እንጂ ፊቷን ባበሰሏት ነበር። እንዲያም ሆኖ ላይኛው ከንፈሯ ተቃጥሏል። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ማን አየኝ?» ብላ ነው። ምን ልበላት? ሁሉም አይቷታል።

ዳይሬክተሩ አስጠርቶኝ «ልጆች ስለሚደነግጡ፣ የሐኪም ወረቀት እስክታመጪ ቤት ትቆይ» አለኝ። ቤት በዋለች በሦስተኛው ቀን እንደገና ጣላት፣ ምድጃው አጠገብ። እግዜር ወደ ግድግዳው በኩል አዞረልኝ። በሌላው በኩል ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር።

አሁን ልጠይቅህ። እኔ ዘለህ ገደል እንዳትገባ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ሰው ነኝና አታድበስብስብኝ። ይህ መላጣ ክኒን ያ የድሮው መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም? «ነው» ወይም «አይደለም» በለኝ። የፈረንጅ ተረት አልፈልግም።

መሰለች


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእትዬ መሰለች፤

ጾሙን አስፈጽሞ ለፋሲካው ያበቃሽ አምላክ የሰገነትንም ምሕረት ያሳይሽ። በሆነው አዝኛለሁ። የዘገየሁት ለሥራ አዲስ አበባ ወጥቼ ስለነበር ነው።

በቁጣ ስለጻፍሽ እኔ በእርጋታ ልመልስ። በመጀመሪያ፣ የወደቀችው በዐቢይ ጾም ነው። ጠዋት እህል አይቀመስም ብለሽ የጠዋቷን ክኒን አስቀርተሽባት እንደሆነ ራስሽን መርምሪ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግና መድኃኒት ቤቱን ይወቅሳል።

ሁለተኛ፣ ክኒኑ የሌላ ፋብሪካ መሆኑ እውነት ነው። አስመጪው ባለማኅተሙን ማምጣት ቀንሷል። የዚህኛው ስሙ ሌላ ነው እንጂ ውስጡ ያለው መድኃኒት ያው አንድ ነው። ባለማኅተሙ ስም ስላለው ይወደዳል፤ ይህኛው ስም ስለሌለው ይረክሳል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። በየመንግሥቱ ሐኪም ቤት የሚሰጠው እንዲህ ያለው ነው፤ ሰው ይድንበታል። ብነግርሽ ትፈሪያለሽ፣ ፈርተሽም ትተዪዋለሽ ብዬ በለመድሽው ብልቃጥ ሞላሁልሽ። ለአንቺው ብዬ ነው። ለዚህ መመስገን እንጂ መከሰስ አልጠበቅሁም።

እናቴ ሰላም ትልሻለች። በርበሬ ካለሽ እያለቀብን ነው።

ገብረወልድ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ገብረወልድ፤

በርበሬ የለኝም። ገበያው ሞልቷል፣ ለአንተ ግን የለኝም።

ከጾሙ ልጀምርልህ። ነፍስ አባታችን ገና መድኃኒቱን የጀመረች ጊዜ «ክኒን እህል አይደለም፣ ውሃውም ለክኒኑ ነው፣ ትዋጥ» ብለው ፈተውናል። ልጄ አንድም ጠዋት አልቀረባትም። ጥፋቱን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥተህ ጾሙ ላይ አወጣኸው? ጾሙ አፍ የለው፣ አይመልስልህ።

እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ከጆንያው አፍ የእንሴኖውን ዛላ፣ ከሥሩ ያረጀውን አመድማ አድርጎ የሚሸጥ አለ፤ አውቀዋለሁ፣ ወንበሩ ከእኔ ጎን ነው። እሱ እንኳ ገዢው እጁን ሲከትት ዓይኑን ይሰብራል። አንተ ለልጄ የሚገባውን ከላይ ስም ለጥፈህ ከሥር ሌላ ሞልተህ «አመስግኚኝ» ትለኛለህ።

ብልቃጡን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የጤና መኮንኑ አቶ አበራ ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። አንዷን ክኒን መዳፉ ላይ አገላብጦ አያት። እኔ «መርዝ ነው በለኝና ልረፍ» አልሁት።

«መርዝ አይደለም እትዬ» አለኝ። «መድኃኒትም እንደ ሰው ነው። አንቺ መሰለች ነሽ፤ የክርስትና ስም ደግሞ አለሽ። ባለማኅተሙ ፋብሪካው ባወጣለት ስም ይጠራል፤ ይሄኛው በክርስትና ስሙ። ያው አንድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ እኔም ሲኖረኝ የምሰጠው መላጣውን ነው።»

«ታዲያ ልጄ ለምን ወደቀች?»

«አንዷ ክኒን የያዘችው መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አንድ በአንድ አይለወጥም። መጠኑ የተጻፈው በመጣበት ጣሳ ላይ ነው። ይህ ብልቃጥ የሚነግረኝ የሌላውን ነው።»

«እንግዲያው ጨምርላት።»

«በግምት አልጨምርም። ያነሰ ይጥላታል፣ የበዛም ያፈዛታል፣ ከዚያም የባሰ አለው። በድንገት ማቋረጥም አይቻልም። ቁጥሩን አምጪልኝ።»

የእሱ መደርደሪያ ባዶ ነው፤ ከአዲስ አበባ የጠየቀው አልመጣም። የአዲስ አበባውም ሐኪም ውጭ አገር ሄዷል ተብዬ ተመልሻለሁ። ያለኝ ያንተው መላጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ መድኃኒት አልለምንህም፣ ይቅርታም አልለምንህም። ጣሳውን ከመደርደሪያ አውርደህ፣ የተጻፈበትን ቁጥር ገልብጠህ ላክልኝ። የባለማኅተሙንም ቁጥር አብረህ ጻፍ። ይህን ደብዳቤ ጀማሉ እጅህ ላይ ያኖረዋል፤ ቆሞ ይጠብቅሃል። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ ልጅቷ ቤት ተቀምጣ በተቃጠለ ከንፈሯ ሒሳብ ታነበንባለች።

መሰለች


ቡታጅራ፣ ግንቦት 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

ገብረወልድ፤

ጀማሉ ባዶ እጁን መጣ። «ነገ፣ ነገ» እያልህ አመላልሰኸው ገበያው ስላለፈበት ተመለሰ። ያየውን ግን ይዞ መጥቷል። ሊያጣላን ብሎ አይደለም የነገረኝ፤ እንዲያውም ያስደስታታል ብሎ ነው።

«ባለማኅተሙ ለካ አለ፣ አብሽሪ» አለኝ። «ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ የደብዳቤሽን መልስ ስጠብቅ የአንድ ባለሥልጣን ሎሌ መጣ። ለጌታው ልጅ ነው፣ እሱም እንደ ሰገነት ይጥለዋል አሉ። ወንድምሽ ከጠረጴዛው ሥር ብልቃጥ አውጥቶ ቆጠረለት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ መላጣና ጠጉራም ግን እለያለሁ። ባለጽሑፉ ነው።»

«ምንም አላልኸውም?» አልሁት።

«አልሁት እንጂ። 'ለመሰለች ለምን ከዚህ አትሰጣትም?' አልሁት። 'የቀረው ጥቂት ነው። እኚህ ሰው ከተቆጡ ፈቃዴን ያስነጥቁኛል፤ እሷ እኅቴ ናት፣ ትረዳኛለች' አለኝ።»

አልረዳህም።

ስማኝ ገብሬ፣ ባለማኅተሙ አልቆ ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር። ያለቀ ነገር ከየት ይመጣል? አላለቀም። ሁለት ልጅ ፊትህ አቆምህና የማን አባት ይቆጣል ብለህ መዘንህ። የእኔ ልጅ አባቷ ሞቷል፣ እናቷ በርበሬ ነጋዴ ናት፣ በዚያ ላይ ዘመድ ናት። ለባዳ ማኅተሙን፣ ለዘመድ መላጣውን። «ዘመድ እያለ ከባዳ አትገዢም» ያልኸኝ ለዚህ ኖሯል? ባዳ ብሆንብህ ይሻለኝ ነበር፤ ባዳ ይፈራል።

ትናንትና ደግሞ ጣላት። ሦስተኛዋ ናት። ምላሷን ነክሳ ሾርባ አልወርድ ብሏታል።

ይህን ደብዳቤ በስምህ አልላክሁትም። ለአክስቴ ብርቄ ነው የላክሁት፤ እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ አንተው አንብብላቸው። አንድም ቃል ሳትዘል፣ ጀማሉ እየሰማ። ከዚያ ቁጥሩን ስጠኝ።

መሰለች


ወልቂጤ፣ ግንቦት 24 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ መሰለች፤

በመላጣው ጣሳ ላይ 30 ይላል። በባለማኅተሙ ላይ 60 ነው።

አስመጪው «ያው ነው» ሲለኝ ቁጥሩን ሳላስተያይ ሞላሁት። ያየሁት ሚያዝያ ላይ የላክሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ካየሁ በኋላ ብዕር ባነሣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ጀማሉን ያመላለስሁት ለዚህ ነው።

ስለ ባለሥልጣኑ የሰማሽው እውነት ነው። አንቺ ይህን ሱቅ ከሩቅ ነው የምታውቂው። አንድ ቃል ይዘጋዋል፤ የስድስት ሰው እንጀራ ነው። ይህን ስል ራሴን ነፃ ማውጣቴ አይደለም።

ደብዳቤሽን ለእናቴ አነበብሁላት። ጀማሉ ሲቆጣጠረኝ ነበር፤ አንድ ቦታ ልዘል ስል «እዚያ ጋ ሌላ ነገር አለ፣ ዓይንህ ሮጠ» አለኝ። እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ምግቧን ከእኔ እጅ አልተቀበለችም።

የቀረውን ባለማኅተም በሙሉ በጀማሉ ልኬልሻለሁ። ለሰውዬው የምለውን እግዚአብሔር ያውቃል። እባክሽ ተቀበይኝ።

ገብረወልድ


ቡታጅራ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለገብረወልድ፤

አክስቴ ብርቄን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ምግባቸውንም ይብሉ፣ በእኔ ይሁንባቸው በላቸው። የምጽፈው ዝናቡ ጋብ ባለበት ነው። ጀማሉ በዚህ ጭቃ ተራራውን አልሞክርም ብሎ ስለነበር ነው የዘገየሁት፤ አሁንም የሚሄደው በቅሎዋን ለምኖ ነው።

ቁጥሩ ደርሶኝ በዚያው ሰዓት ለአቶ አበራ ሰጠሁት። ወረቀቱን አይቶ «ግማሹን ስትውጥ ነው የከረመችው» አለኝ። ቀስ አድርጎ እያሳደገ ወደ ሁለት ሁለት አደረሰላት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፤ ኋላ ተወት አደረጋት። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም።

አቶ አበራ ወረቀት ጻፈላት፤ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ አስገባት። በፈተናው ቀን መምህር ያረጋል በር ላይ ቆሞ የሁሉንም ልጅ ኪስ ፈተሸ። ሌላው አስተማሪ «ኩረጃ ነው የምትፈልገው?» ቢለው «ክብሪት ነው» አለው። ባርኔጣው ሙሉ ክብሪት ሰበሰበ አሉ። እኔ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር፤ አንድም ጩኸት ሳልሰማ ደወሉ ተደወለ። ውጤቱ ገና አልመጣም።

የላክኸውን ባለማኅተም መልሼልሃለሁ፤ ጀማሉ ይዞታል። አቶ አበራን «የስንቱን ዓመት የለመደችውን ልመልስላት?» ብዬው ነበር። «አሁን ረግቶላት ሳለ ዛሬ መላጣ፣ ነገ ባለማኅተም እያልን አናዋዥቃት። ይሄኛውን አጥብቀን እንያዝ» አለኝ። የጤና ጣቢያውም መድኃኒት መጥቶለታል። እሱም መላጣ ነው፤ ጣሳውን ግን ፊቴ አውርዶ ቁጥሩን በጣቱ አሳየኝ። ስለዚህ ከመላጣው ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ብልቃጡን ከሞላው እጅ ጋር ነው። ንዴቴም አልበረደም፣ በርዷል ብለህ እንዳትዘናጋ።

ብልቃጥህንም ልኬዋለሁ። ስም ያለበትን ወረቀት ሰገነት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ልጣዋለች። ከእንግዲህ የምትሞላበትን ነገር ስሙን በእጅህ ጻፍበት።

መስከረም ሩቅ አይደለም። መስቀል ሲመጣ እኛ ዘንድ ቂም ይዞ ከሥጋው አይቀመጥም፤ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ሳያስታርቅ ቢላዋ አይነሣም። አክስቴን ይዘህ ና፤ ከብቱን አብረን እናርዳለን፣ ደጄ አይዘጋብህም። ነገር ግን «ይቅር ተባባሉ» በሚል ብቻ አላልፍህም። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሰገነት እዚያው ተቀምጣ፣ «ለባዳው ሙሉውን፣ ለእሷ ግማሹን ሰጠሁ» ብለህ በአፍህ ትናገራታለህ። ይህን ከቻልህ ክትፎው ያንተ ነው። ካልቻልህ አክስቴን ብቻ ላክልኝ።

መሰለች

ከታች ያለው የሰገነት ነው። እኔ ጻፊ አላልኋትም።

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፈተናውን ጨርሻለሁ፤ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ያን የባለሥልጣኑን ልጅ አላውቀውም። ባለማኅተሙ ሲያልቅ ለእሱም መላጣውን መስጠትዎ አይቀርም። ያን ጊዜ ሁለት ሁለት መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው። ክብሪት ያቃጥላል።